አሲዱን ከመግዛት በፊት ሲሚንቶውን መለየት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሴራሚክ ከመግዛት ይልቅ የቤታቸውን ሊሾና የበረንዳቸውን ኮንክሪት በቀለም ማስጌጥ የሚመርጡ ሰዎች አሉ። ምርጫው ጥሩ ነው፤ በደንብ የተሠራ ባለቀለም ሊሾ ረጅም ዕድሜ አለው፣ አይነቀልም፣ ሥሩ ባዶ ሆኖ አይንኳኳም። ችግሩ የሥራው አጀማመር ላይ ነው። ባለቤቱ በስልኩ ያገኘውን ፎቶ ያሳያል፤ ሠራተኛው አሲድ ወይም የቆርቆሮ ቀለም ገዝቶ ይመጣል፤ ወለሉ በምን ሲሚንቶ እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን የለም። በወለል ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከሁሉም በፊት መነሳት ያለበት ይህ ጥያቄ በመሆኑ ነው።

አሲድ ስቴይን የሚባለው ማቅለሚያ በግድግዳ ላይ እንደምንቀባው ቀለም አይደለም። በውሃ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን የብረት፣ የማንጋኒዝ ወይም የመዳብ ጨው ሟሙቶበታል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር በውስጡ ነፃ ኖራ ይቀራል፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሲዱ የወለሉን ፊት ይከፍታል፣ ጨዎቹም ከዚህ ኖራ ጋር ተዋህደው ውሃ የማያሟሟው ቀለም ይፈጥራሉ። ቀለሙ የወለሉ አካል ስለሚሆን አይላጥም። ብረቱ ከቢጫማ ቡኒ እስከ ቀይ ቡኒ፣ ማንጋኒዙ ከጥቁር ቡኒ እስከ ጥቁር፣ መዳቡ ደግሞ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ያወጣል። በአሲድ ደማቅ ቀይ ወይም ነጭ አወጣለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትቀበሉት። የመዳቡ አረንጓዴም እርጥበት ሲያገኘው ወደ ቡኒና ወደ ጥቁር ስለሚለወጥ ዝናብ ለሚመታው በረንዳ አንመክረውም።

የአገራችን ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ለግንብና ለልስን በብዛት የምንጠቀመው ሲሚንቶ ፒፒሲ (ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ) ነው። በፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ፣ ማለትም ተቃጥሎ ከወጣው የሲሚንቶው ዋና ድንጋይ ጋር እንደ ፐሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮ ይፈጫል። ይህ ድንጋይ ጥንካሬ የሚሰጠው ያንኑ ነፃ ኖራ እየተጠቀመ ነው። ለግንቡ መልካም ነው፤ ለአሲድ ስቴይን ግን የሚዋሃደውን ነገር ቀድሞ ይወስድበታል። በዚህ የተነሳ በፒፒሲ የተሠራ ሊሾ ላይ ቀለሙ ፈዞ ወይም ተዥጎርጉሮ ሊቀር ይችላል፤ በኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የተሠራው ወለል ደግሞ በዚያው ዕቃ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀን ደምቆ ይይዛል። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ክፍሎች አንዱ አምሮ ሌላው ሲገረጣ ሻጩ ይወቀሳል፤ ሲሚንቶው የመጣበትን ከረጢት ግን የሚያስታውስ የለም። ዕድሜም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአሮጌ ወለልን የላይኛውን ኖራ ስለሚለውጠው ፊቱ ለማቅለሚያው የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ብዙ ሠራተኞች አሲዱ አረፋ ካወጣ ቀለሙ ይዟል ብለው ያምናሉ። አረፋ የሚነግረን አሲዱን የሚከለክል ቅባት ወይም ሽፋን አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ስለሚወጣው ቀለም ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ይፈተን። የመጀመሪያው ፈተና ወጪ የለውም፤ ወለሉን ጠርጎ በተለያየ ቦታ ውሃ ማንጠባጠብ ነው። ውሃው ጠልቆ ቦታውን ካጠቆረው ወለሉ ክፍት ነው። ተድቦልቡሎ ከቆመ ግን ሰም፣ ቅባት፣ ሲለር (ወለሉን የሚያሽግ ግልጽ ቅብ) ወይም አሮጌ ቀለም አለበት፤ ያ እስኪነሳ ድረስ ምንም ዓይነት ማቅለሚያ አይገባም። ሁለተኛው ፈተና ፌኖልፍታሊን በሚባለው የቤተ ሙከራ ፈሳሽ ይደረጋል። ጠብታው ደማቅ ሮዝ ከሆነ ፊቱ ላይ የኖራው አልካሊ አለ፤ ቀለም ሳያወጣ ከቀረ ፊቱ አርጅቷል፣ በቴራዞ መፋቂያ ማሽን ስስ አድርጎ መግፈፍ ያስፈልጋል። ዋናው ፈተና ግን ሦስተኛው ነው፦ ዕቃ በሚቆምበት ወይም ዓይን በማያርፍበት ጥግ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ሙሉውን ሥራ፣ ከማጠብ እስከ ሲለር፣ ሠርቶ ማየት። ባለቤቱ የሚያጸድቀው ያንን ጥግ ይሁን እንጂ ፎቶውን አይሁን። ከስምምነቱ ጋር ይህ ካልተጻፈ ኋላ የሚፈጠረውን ክርክር የሚዳኝ ማስረጃ አይኖርም።

ወለሉ ከፈሰሰ ቢያንስ 28 ቀን ይሙላው። ዝግጅት ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት አሲድ ስቴይን ከመቀባት በፊት ወለሉን በተራ አሲድ ማጠብ ነው። አሲዱ ቀለሙ የሚፈልገውን ኖራ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የቀረው አሸዋና ጠጠር ቀለም አይዝም። ለማጠብ ውሃ፣ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ ይበቃሉ፤ ሳሙናውም ጨርሶ እስኪወጣ መታጠብ አለበት። የጄሶና የስቱኮ ጠብታ፣ የምንጣፍ ማስቲሽ፣ የግድግዳ ቀለም ፍንጣቂ በመፋቂያ ይነሱ። ጠብታው ተነስቶ እንኳ ምልክቱ በቀለሙ ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ልስንና ቀለም ቅብ ሲካሄድ ወለሉ መሸፈን ያለበት። በወለሉ ላይ መስመር ለማስመር ባለቀለም ጠመኔ አይጠቀሙ፤ ቀለም ማስወገጃ ኬሚካልም ሆነ ፕላስተር ዱካውን ይተዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በቤታችን ወለል የሚታጠብበት በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና የነካ ወለል በብዙ ውሃ ሳይታጠብና ሳይደርቅ አሲድ ይዞ መቅረብ አይቻልም። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሰውን ይገድላል።

ወደ አቀባቡ ስንመጣ፣ መርጫው ፕላስቲክ ይሁን፤ አፍንጫው ወይም ውስጡ ብረት ከሆነ አሲዱ ይበላዋል፣ ዝገቱም ወለሉ ላይ ይረጫል። ብሩሹም የብረት መያዣ የሌለውና ፀጉሩ ያልተቀለመ መሆን አለበት። የላሜራ በር፣ የአሉሚኒየም መስኮትና የግድግዳው የታችኛው ጠርዝ በፕላስቲክ ይሸፈኑ፤ ትነቱ ብቻውን ብረት ያዝጋል። 1 ሊትር ሳይበረዝ ለአንድ ዙር ከ5 እስከ 7 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 20 ካሬ ሜትር በረንዳ ሁለት ዙር ከተቀባ ከ6 እስከ 8 ሊትር ይወስዳል ማለት ነው። ሁሉም ጀሪካኖች ከመጀመሩ በፊት በአንድ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ይቀላቀሉ፣ የአንዱ ከሌላው ይለያልና። የሚቀባው ከሩቅ ጥግ ጀምሮ ወደ መውጫው እየተመለሱ ነው። ረጪው ይረጫል፣ ሌላው ወዲያው በክብ እንቅስቃሴ በብሩሽ ያሠራጨዋል፤ የረጠበው ጠርዝ ሳይደርቅ ቀጣዩ ክፍል ሊደርስለት ይገባል። መሐል ላይ ለምሳ ከተቆመ የቆሙበት መስመር ለዘላለም ይታያል፤ ማረፊያ የሚደረገው በመገጣጠሚያ መስመር ላይ ብቻ ነው። እርጥብ ላይ የተረገጠ ጫማም እንዲሁ ዱካው አይጠፋም።

ቀለሙ ወዲያው አይወጣም። እንደ ምርቱ ከ4 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ በላዩ ላይ የሚደርቀው ዝቃጭም ከእውነተኛው ቀለም የተለየ መልክ ስላለው ያንን አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም። ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ይደረግ።

ሥራውን የሚያበላሸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ችኮላ ነው። አሲዱ መምከን አለበት። በ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ያህል ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ወለሉን በብሩሽ ማሸት፣ አረፋው እስኪቆም ማቆየት፣ ከዚያም ዝቃጩን እየፈገፈጉ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ። በቃ የሚባለው መቼ ነው? የታጠበው ወለል በደረቀ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ ጨርቁ ቀለም ሳይነካ ሲወጣ ነው። ዝቃጩ ከቀረ ሲለሩ የሚይዘው ዝቃጩን እንጂ ወለሉን አይደለም፤ በጥቂት ወር ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ባለቤቱም ሲለሩ መጥፎ ነበር ይላል። የእጥበቱ ውሃ የመዳብና የማንጋኒዝ ጨው ስላለበት ወደ ሣር፣ ወደ ጓሮ አትክልት ወይም ወደ ጎረቤት ቦይ አይለቀቅ። በሰጋቱራ አስመጥጦ በጆንያ ማንሳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ዘርዝረን ስናበቃ፣ ለአዲስ ወለል የምንመክረው አሲድ ስቴይንን አይደለም። ወለሉ ገና ካልፈሰሰና ሲሚንቶው ፒፒሲ ከሆነ ቀለሙን በሲሚንቶው ውስጥ መቀላቀል ይሻላል። በድሮ ቤቶች የምናውቀው ቀይ ሊሾ የተሠራው በብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ብረት ኦክሳይድ ከኖራ ጋር ስለማይዋሃድና ፀሐይ ስለማይለውጠው ሲሚንቶው ፒፒሲም ይሁን ኦፒሲ ልዩነት አያመጣበትም። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡኒና ጥቁር ይገኛል። ሰማያዊ ለሚፈልግ ኡልትራማሪን የተባለው ርካሽ ዱቄት በሲሚንቶ ውስጥ ይጠፋል፤ የሚቆየው የኮባልቱ ነው፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቢጫና ሌላ ፈዛዛ ቀለም ንጹህ ሆኖ እንዲወጣ ከተፈለገ ነጭ ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ግራጫው ያጠቁረዋል።

መጠኑ በሲሚንቶው ክብደት ይሰላል። ከ2 በመቶ በታች ቀለሙ ይገረጣል፤ 5 በመቶ ለአብዛኛው ይበቃል፤ ኤኤስቲኤም ሲ979 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት ጣሪያውን 10 በመቶ ላይ ያቆመዋል፣ ዱቄት ሲበዛ ውሃ እየጠጣ ጥንካሬ ይቀንሳልና። 50 ኪሎ ለሆነ አንድ ከረጢት 5 በመቶው 2 ኪሎ ተኩል ነው። በአካፋና በእፍኝ የሚለካ ሠራተኛ ከአንዱ ቅልቅል ወደ ሌላው የተለያየ ቀለም ያወጣል፤ ሚዛን ይምጣ። ሙሉውን ውፍረት ማቅለም ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ሥራው በሁለት ንብርብር ይሠራል። ከሥር ያለው ኮንክሪት ይታጠባል፣ ይረጥባል፣ ቦያካ (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) ይቀባል፤ ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ያልተቀለመ 1 ለ3 የሲሚንቶና አሸዋ ቅልቅል ይነጠፋል። በዚያው ቀን፣ እግር ሲረገጥበት የማይሰምጥበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ባለቀለም ንብርብር ይደረብበታል። ለ20 ካሬ ሜትር የላይኛው ንብርብር 2 ከረጢት ሲሚንቶና 5 ኪሎ ኦክሳይድ ይወስዳል። ኦክሳይዱ መጀመሪያ ከደረቁ ሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ በወንፊት ይነፋ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይግባ፣ ውሃው በባልዲ ተለክቶ ለሁሉም ቅልቅል እኩል ይሁን። ውሃ የበዛበት ቅልቅል ሲደርቅ ይነጣል፤ በአንድ ወለል ላይ የሚታየው የቀለም ልዩነት ብዙውን ጊዜ የውሃ ልዩነት ነው።

አንድ የተለመደ አሠራር አጥብቀን እንቃወማለን፦ ሊሾው ውሃ ሲያወጣ ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ደረቅ ሲሚንቶ ከላይ መበተንና በብረት ማለስለሻ ማሸት። ውሃውን ለማስመጠጥ ይመቻል፤ የሚፈጠረው ግን ደካማ ስስ ቆዳ ነው። በጥቃቅን መስመር ይሰነጣጠቃል፣ ይቦናል፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በኋላ ግራጫው ይወጣል። ውሃው በራሱ እስኪሄድ ይጠበቅ። የብረት ማለስለሻውም ልክ አለው፤ ወለሉ ከጠነከረ በኋላ በግድ ሲታሽ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ጥላ ይተዋል።

ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ይሁን፣ ሁሉም ቦታ እኩል ይርጠብ። ለተራ ኮንክሪት የምንለምደው ሰጋቱራና ጆንያ ባለቀለም ወለል ላይ አይመጣም፤ የእንጨቱ ጭማቂ ቡኒ እድፍ፣ ጆንያውም የራሱን ቅርጽ ያትማል። ፕላስቲክም ሲሸበሸብ የተሸበሸበበትን ሥዕል ይተዋል። ቀስ ብሎ በሚረጭ ጎማ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ማርጠብ ነው መፍትሔው። ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ከወጣ ውሃ ኖራውን ወደ ላይ አምጥቶት ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፣ ካልለቀቀ በተበረዘ ኮምጣጤ ታጥቦ በውሃ ይለቅለቅ፤ እየተመላለሰ ከመጣ ግን ችግሩ ከሥር ወይም ከግድግዳው የሚገባ ውሃ ነው፣ መዘጋት ያለበት እሱ ነው።

የትኛውም ማቅለሚያ ስንጥቅን አይሸፍንም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ዋልካ አፈር ባለበት አካባቢ አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚጨማደድ፣ መጥፎ አፈሩ ሳይነሳና ሃርድ ኮሩ (ከኮንክሪቱ ሥር የሚነጠፈው ድንጋይ) በደንብ ሳይጠቀጠቅ ለቀለም ገንዘብ አታውጡ። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበረንዳ ኮንክሪት በየ2 ሜትር ተኩል፣ ግፋ ቢል በየ3 ሜትር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው መስመር በመጀመሪያው ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። ስንጥቁ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። መስመሮቹ እንደ ጌጥ ሆነው ሁለት ቀለም ለመለየትም ያገለግላሉ።

ስለ ሲለር ደግሞ የምናየው ያሳዝናል። ለእንጨት የተሠራ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ኮንክሪት ላይ ይቀባል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው አልካሊ የቫርኒሹን ዘይት ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ይለሰልሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይላጣል። ኤፖክሲም ቢሆን ለጋራዥና ለመጋዘን ውስጥ ጥሩ ነው፣ ፀሐይ የሚያርፍበት በረንዳ ላይ ግን ይበጫል፣ ፊቱም ይቦናል። ለውጭ የሚሆነው እርጥበት የሚያስተነፍስ አክሪሊክ ሲለር ነው። ከመቀባቱ በፊት 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ግልጽ ፕላስቲክ አራቱም ጠርዝ በፕላስተር ተለጥፎ ለ16 ሰዓት ይቆይ፤ ከሥሩ ጤዛ ወይም ጥቁር ጥላ ከታየ ወለሉ አልደረቀም። እርጥበት ላይ የተቀባ ሲለር ወተት መስሎ ይነጣል። የአዲስ አበባን ክረምት ተከትሎ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ የውጭ ሥራ ባይጀመር ይመረጣል። በበጋም በቀትር ፀሐይ አይቀባም፤ ወለሉ እየሞቀ ሲሄድ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው አየር አረፋ ያስነሳበታል። ከሰዓት በኋላ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ሁለት ስስ ዙር፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ፣ ይቀባ። አንድ ወፍራም ዙር ሁለት ስስ ዙሮችን አይተካም። ደረጃና ራምፕ ላይ የሚያንሸራትት ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ውስጥ ለዚሁ የሚሸጠው ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ይቀላቀልበት፤ አረጋውያን ያሉበት ቤት ይህን ቸል ማለት የለበትም። ውጭ ያለ ሲለር በየ2 ወይም 3 ዓመቱ አንድ ስስ ዙር ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ግን የወለል ሰም ብቻውን ያገለግላል።

በመጨረሻ የዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ጉዳይ አለ። አሲድ የሚሸጠው ምንም ጽሑፍ በሌለው ጀሪካን ሲሆን፣ የሚቀባው የቀን ሠራተኛ ክፍት ጫማ አድርጎ በባዶ እጁ ይሠራል። የጎማ ጓንት፣ ቦቲ፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ ለአሲድ ትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል የሥራው ወጪ አካል ሆነው ከዋጋው ጋር ይታሰቡ፤ የጨርቅ ማስክ ትነት አያስቆምም። አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም፤ ዓይን ከተነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሕክምና ይኬዳል። የማቅለሚያና የአሲድ አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች በየዕቃው ላይ የአሲዱን መጠን፣ የጨዎቹን ዓይነት፣ ዱቄቱ ብረት ኦክሳይድ መሆን አለመሆኑን በአማርኛና ሠራተኛው በሚያነበው ሌላ የአገራችን ቋንቋ እንዲጽፉ ጋዜጣችሁ እንዲጠይቅልን እንፈልጋለን። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ፒፒሲ ወይም ኦፒሲ ተብሎ ይጻፋል፤ ባለቤቶችም ወለል በሚፈስበት ቀን ያንን ከረጢት ፎቶ አንስተው ከቤቱ ሰነድ ጋር ያስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የወለል ሥራ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ